የሚስቱን ስም የወሰደው ራዲም

ራዲም ኖቫክ ተወልዶ ያደገው ብርኖ ከተማ ዳር፣ ፎቆች እንደ ክብሪት ሳጥን በተደረደሩበት ሰፈር ነው። ክፍሉ ውስጥ ኖቫክ የሚባል ልጅ ሞልቶ ነበር፤ ራዲም ኖቫክ ራሱ ሁለት ነበር። አስተማሪዋ እንዳይምታታባት አንዱን "የመስኮቱ ራዲም"፣ እሱን ደግሞ "የበሩ ራዲም" ትላቸዋለች። ቦታ ሲቀያየሩ ስማቸውም አብሮ ይቀያየራል። ይህን ያጫወተኝ ከእኔው ቢራ ቤት ተቀምጦ እየሳቀ ነው። በልጅነቱ ግን የሳቀበት አይመስለኝም።

ኖቫክ በአገራችን እንደ አሸዋ የበዛ ስም ነው። ገበያ መሀል ቆሞ "ኖቫክ" ብሎ የተጣራ ሰው የገበያውን ግማሽ ያስዞራል። ራዲም አድጎ የትራም ጋራዥ መካኒክ ሲሆንም ከዚሁ አላመለጠም። በመጀመሪያ "ረጅሙ ኖቫክ" ተባለ። ከእሱ የሚረዝም ሌላ ኖቫክ ሲቀጠር ደግሞ "የድሮው ረጅም" ሆነ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ እሱም ለምዶት ነበር፣ እናቱ እስክትሞት ድረስ።

እናቱን የሸኙ ዕለት የስንብት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ራዲምና አባቱ አቶ ሩዶልፍ ከፊት ተቀምጠው ግራ ተጋቡ። ሟቿ ከቤቷ የማትወጣ ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ይህ ሁሉ ወዳጅ ከየት መጣ? አይተውት የማያውቁት ሰው አበባ እያስቀመጠ ያለቅሳል። ሙዚቃው ሲጀመር ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡና "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህቺ የመዘምራኗ ወይዘሮ ኖቫኮቫ አይደለችም እንዴ?" ብለው ጠየቁ። አልነበረችም። በእኛ አገር የኖቫክ ሚስት ኖቫኮቫ ትባላለች፤ በዚያ ጠዋት ሌላ ኖቫኮቫም ትሸኝ ኖሮ ሰዉ አዳራሽ ተሳስቶ ነው። ሰዎቹ አፍረው፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ አንድ በአንድ ወጡ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ቀረ። አንዲት አሮጊት ብቻ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም።

ራዲም ሄዶ አጠገባቸው ጎንበስ አለ። "እማማ፣ የእርስዎ ሰው ወዲያኛው አዳራሽ ናት።"

"አውቄያለሁ ልጄ" አሉት በመሐረባቸው አፍንጫቸውን እየጠረጉ። "እንባዬን ግን እዚህ ጨርሼዋለሁ። ለእናትህ ይሁንላት።"

አቶ ሩዶልፍ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ራዲም ግን ከሆዱ አልወጣለትም። እናቱ በሞቷ እንኳ ለራሷ ብቻ የሆነ ስም አላገኘችም ብሎ አሰበ።

ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው፣ ትራም ሥር ተጋድሞ ብሎን ሲፈታ የጋራዡ ድምፅ ማጉያ "ኦሶልሶብዬ፣ ወደ ቢሮ" ብሎ የተጣራው። ራዲም ሳቁ አመለጠው። ቃሉ በቋንቋችን "ለራስህ ጨው ጨምር" ማለት ነውና፣ ሰው ይህን ተሸክሞ ይዞራል ብሎ አልጠበቀም። ወዲያው ራስጌው ላይ የሴት ጫማ መጥቶ ቆመ።

"ሳቅህን ጨረስክ?" አለች ባለጫማዋ።

"ይቅርታ፣ እኔ እኮ..."

"ከጨረስክ ፍሬኑን አጥብቅልኝ። ይህን ትራም ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ።"

ሚላዳ ኦሶልሶብዬ አዲስ የተቀጠረች የትራም ሾፌር ነበረች። እሷ የእኛው የዛሌሲ መንደር ልጅ ናት። እኔ ሉድሚላ እባላለሁ፤ የመንደሩን ቢራ ቤት የምይዘው እኔ ነኝ፤ ቤታችን ከእነ ሚላዳ ቤት ጋር በአጥር ይገናኛል። ስለዚህ ከዚህ ወዲያ ያለውን ግማሹን ሰምቼ፣ ግማሹን በዓይኔ አይቼ ነው የማወራው።

የሚላዳ አባት የባቡር ጡረተኛ ናቸው። እኛ ጋ በዕድሜ የገፋ ወንድ ሁሉ አጎት ነውና "አጎቴ አሎይስ" እንላቸዋለን። ስማችሁ ከየት መጣ ብሎ የጠየቃቸው ሰው እንደጠጡት ቢራ ልክ የተለያየ መልስ ያገኛል። በአንደኛው ብርጭቆ፣ ቅድመ አያታቸው የመስፍን ወጥ ሠሪ ነበር፤ መስፍኑ ሾርባው አልጣፈጠም ቢለው "ለራስህ ጨው ጨምር" ብሎት ተባረረ። በሦስተኛው ብርጭቆ ደግሞ ቅድመ አያታቸው እንግዳውን ጨው ይዞ እንዲመጣ የሚያዝ ቋጣሪ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ይሆናል። የመንደራችን መምህር ነገሩን ቀለል አድርገው ነው የሚያስረዱት። በእኛ አውራጃ በሞራቪያ ሰው በሚያዘወትረው ንግግር ቅጽል ስም ይወጣለት ነበር። "ዳቦ አትብላ"፣ "ወደ ማሳው ዝለል" የሚባሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ እያንዳንዱ ቤት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚሄድ አንድ ቋሚ ስም ይያዝ ብለው ሲያዙ፣ የጎረቤት ቀልድ እንደ ሲሚንቶ ባለበት ደርቆ ቀረ። ኖቫክን የመሰለው ስም እየበዛ አገር ሞላ። ኦሶልሶብዬን የመሰለው እዚህ አንድ ቤት እዚያ አንድ ቤት፣ አብዛኛውም ከብርኖ ሳይርቅ ተንጠልጥሎ ቆየ።

አጎቴ አሎይስ የወለዱት ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ነው። ወንድማቸው ልጅ ሳይወልድ ሞቷል። ታላቂቱ ልጃቸው ያርሚላ አግብታ ኩቸሮቫ ሆናለች። ቀጣይዋ ሚላዳ ናት።

ራዲም ከሚላዳ ጋር ተዋድደው መጀመሪያ መንደራችን የመጣው በጥር፣ በአሳማ እርድ ቀን ነው። ግቢው በእንፋሎት ታፍኗል፣ ሰዉ እጅጌውን ሰብስቦ ይሯሯጣል። አጎቴ አሎይስ ከትልቁ ድስት አንድ ሳህን ሾርባ ቀድተው ለእንግዳው ሰጡት። ሁላችንም ሥራችንን አቁመን አየነው።

"እንዴት ነው?" አሉት።

"ጥሩ ነው፣ አጎቴ።"

"ጥሩ ብቻ?"

ራዲም ሚላዳን አያት። እሷ ወደ ሰማይ ታያለች። "እውነቱን ልናገር? ትንሽ ጨው ይጎድለዋል።"

ያኔ ግቢው በሙሉ ባንድ አፍ "ኦሶልሶብዬ" አለው። ራዲም እስከ ጆሮው ቀላ። አጎቴ አሎይስ ትከሻውን ቸብ አድርገው የጨው ዕቃውን አቀበሉት።

"አትቀየም። የቤቱ ፈተና ነው" አሉት። "ያ የያርሚላ ባል ሳህኑን ልሶ 'ይጣፍጣል' ብሎኛል። እስከ ዛሬ አላምነውም።"

በዚያው ዓመት ኅዳር መግቢያ፣ ሰው ሁሉ የዘመዶቹን መቃብር በሻማና በአበባ በሚያስጌጥበት ቀን፣ ራዲም ለአጎቴ አሎይስ መጥረጊያ ይዞላቸው ሄደ። እኔ ከአጠገባቸው የእናቴን ድንጋይ ሳጥብ ነበርና የተባባሉትን ሰማሁ። በአንድ መስመር ኦሶልሶብዬ፣ ኦሶልሶብዬ፣ ኦሶልሶብዬ ተጽፏል። ሽማግሌው ጫፍ ላይ ያለችውን ባዶ ቦታ በከዘራቸው ነካ አደረጉ።

"ይህቺ የኔ ናት። ከኔ በኋላ ድንጋይ ቀራጩ ይህን ስም መቅረጽ ይረሳል።"

ይህን ያሉት እያዘኑ አልነበረም። ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። ራዲም ቅጠሉን መጥረግ ቀጠለ። የጠረገውን ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ሲጠርግ አየሁት።

የጋብቻ ጥያቄውን ያቀረበው ትራም ውስጥ ነው። ሚላዳ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆማ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ዳቦዋን ትበላለች። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዷል።

"አንድ ነገር ልለምንሽ" አላት።

"ቀለበት ከሆነ እሺ። ፈረቃ ቀይሪኝ ከሆነ አይሆንም።"

"ቀለበት ነው። ግን ስምሽንም ልውሰድ።"

ማኘኳን አቆመች። "የምን ስም?"

"ኦሶልሶብዬን። ስንጋባ አንድ ስም መያዝ እንችላለን አይደል? ያንቺ ይሁን።"

"አብደሃል? እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ኖቫኮቫ ያለ ተራ ስም የምይዝበትን ቀን ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ። ዴስኬ ላይ የጨው ዕቃ እየደረደሩ ያሳደጉኝ እኮ ነኝ። ስሜን ሰምቶ የማይስቅ ሰው አማረኝ።"

"እኔ ደግሞ ስሜን ሰምቶ እኔን ብቻ የሚያይ ሰው አማረኝ።"

"አንዱ ያለውን ሌላው ይመኛል አሉ" አለች፤ ሳቀችም።

ያኔ ነው ስለ እናቱ የስንብት ቀን የነገራት። ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሮት አያውቅም። አዳራሹ እንዴት እንደሞላ፣ እንዴት ባዶ እንደሆነ፣ አሮጊቷ ምን እንዳሉት ሳይቸኩል ነገራት። ሚላዳ የተረፈውን ዳቦ በወረቀት ጠቀለለች። በሩ ላይ ተሳፋሪ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

"ለአባትህ የምትነግረው አንተ ነህ" አለችው በመጨረሻ። "እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም። አሁን ከመንገዴ ዞር በል፣ ሰዓቴ ደርሷል።"

ነገረ። አቶ ሩዶልፍ ጋዜጣቸውን አጥፈው "ምን በደልኩህ?" ብቻ አሉት። ራዲም ሊያስረዳ ቢሞክር ተነሥተው መስኮት ላይ ቆሙ፤ እስኪወጣም አልዞሩም። ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲደውል አያነሡም። በፋሲካ በር ላይ ያስቀመጠላቸውን ኬክ ግን ወደ ቤት አስገብተውት ነበር፤ ይህን የነገሩት ጎረቤት ናቸው።

ያልጠበቅነው የአጎቴ አሎይስን ነገር ነው። ደስ ብሏቸው መንደሩን ቢራ ያጠጣሉ ስንል፣ ወሬውን የሰሙ ዕለት ፊታቸው ጠቆረ። በማግስቱ ቢራ ቤቴ መጥተው ቆመው ቀሩ።

"ሉድሚላ፣ መኪናሽ ይነሣል?"

"ይነሣል አጎቴ። ወዴት ነው?"

"ብርኖ። የሰው ልጅ ልመልስ።"

የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ የቤት የፕሪም አረቄ በብብታቸው ይዘው ነበር። እነ አቶ ሩዶልፍ ፎቅ ስንደርስ የበሩ ደወል ላይ ኖቫክ የሚል ብዙ ቦታ አለ። አንዱን ተጫንኩ፤ ካኒቴራ የለበሰ ጎልማሳ ከላይ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"የትኛውን ኖቫክ ነው?"

"ልጁ ስም የከዳበትን" አሉ አጎቴ አሎይስ።

"ኧረ እሳቸው አራተኛ ፎቅ ናቸው" አለን ወዲያው። ወሬው ፎቁን አዳርሶ ኖሯል።

አቶ ሩዶልፍ በሩን ከፍተው አንዴ እኛን፣ አንዴ ጠርሙሱን አዩ። አጎቴ አሎይስ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"አሎይስ ኦሶልሶብዬ እባላለሁ። ልጅዎን ልመልስልዎ መጥቻለሁ።"

አቶ ሩዶልፍ ከኋላችን ተመለከቱ። "የታለ?"

"ስሙን ማለቴ ነው። የሰው ልጅ ቀምቼ ዘሬን አላስቀጥልም። አይሆንም አልኩት፣ አልሰማ አለኝ። ደረቅ ነው።"

"በእናቱ ወጥቶ ነው" አሉ አቶ ሩዶልፍ። በሩንም ወለል አድርገው "በር ላይ አይወራም፣ ግቡ" አሉን።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። አጎቴ አሎይስ የመጀመሪያውን መለኪያ ቀዱ።

"ሰው የአባቱን ስም የሚጥለው አባቱ ሲያሳፍረው ነው" አሉ አቶ ሩዶልፍ። "እኔ ሠርቼ ነው የበላሁት። አልሰረቅሁም። ምን አሳፈርኩት?"

ጣልቃ መግባት የለብኝም ነበር፤ አፌ ግን አላስቻለውም። "አቶ ሩዶልፍ፣ የእርስዎ ነገር አይደለም" አልኳቸው። "የእናቱ ነገር ነው። ያቺን የስንብት ቀን ለሚላዳ ነግሯታል። አዳራሹ ባዶ የቀረበትን ቀን።"

አቶ ሩዶልፍ መለኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዲህ ወዲያ አንሸራተቱ። "እሱም ያስበዋል? የረሳው መስሎኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ቀጠሉ። "የሌላዋን ሴት አበባ ሰብስቤ ወዲያኛው አዳራሽ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ራዲም አላየኝም። ሰዎቹ አመሰገኑኝ። እኔ ደግሞ ለሚስቴ ቆሜ ማልቀስ ሲገባኝ የሰው አበባ ተሸክሜ ዋልኩ።"

አጎቴ አሎይስ ሁለተኛውን ቀዱላቸው። ማጽናኛ ቃል አልሞከሩም። የባቡር ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ዝም ብለው አብረው ይቀመጣሉ።

"እና ስምዎ" አሉ አቶ ሩዶልፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "እውነት ለራስህ ጨው ጨምር ማለት ነው?"

"እውነት ነው። የእርስዎስ?"

"የኔማ ማንም የሚያውቀው ነው። አዲስ መጤ።" ይህን ብለው የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ግንባራቸውን አሹ። "መጤ" አሉ ደግመው። "የመጀመሪያው ኖቫክ የሆነ ቦታ ሌላ ስም ነበረው ማለት ነው። ወደ አዲስ መንደር ሲገባ ጣለው። መንደሩ ባወጣለት ተጠራ። የድሮ ስሙን አንዳችንም አናውቀውም።"

"ልክ ነዎት።"

"ያኔም አንድ አባት እቤቱ ተቀምጦ ተቆጥቶ ይሆናል።"

አጎቴ አሎይስ የሳቁት ያን ጊዜ ነው። አቶ ሩዶልፍም ሳቁ፤ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ በኋላ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ስንወጣ እስከ አሳንሰሩ ሸኙን።

"ሠርጉ ላይ እመጣለሁ" አሉ። "ያንን ስም ጥራ እንዳትሉኝ ብቻ። ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው፣ ይወጣብኛል።"

አጎቴ አሎይስ በመመለሻው መንገድ አንዲት ነገር ነው የተናገሩት። "ልመልስለት ሄጄ ጨምሮ ሰጠኝ" አሉ፤ ከዚያ ዛሌሲ እስክንደርስ መስኮቱን እያዩ አንጎራጎሩ።

ሠርጉ በመስከረም ሆነ። የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ራዲምን "እርግጠኛ ነዎት?" ብላ ደግማ ጠየቀችው፤ ሰው ሳይሰክር እንዲህ ያደርጋል ብላ አላመነችም። ሚላዳም ስትጠየቅ በሰፊ ፈገግታ መለሰች። ኖቫኮቫ የመሆን ምኞቷ የት እንደደረሰ ጠየቅኋት። "በድምፅ ማጉያው ስሜ ሲጠራ እኔ ብቻ መሆኔን ማወቅ ለካ ደስ ይላል፤ ሌላ ሰው እስኪመኘው ድረስ አልታየኝም ነበር" አለችኝ።

ጋራዡ ግን አልማረውም። ጓደኞቹ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ከመቆለፊያ ሳጥኑ ላይ አንጠለጠሉለት።

"አገባህ ወይስ ተዳርክ?" አለው አንዱ።

"ተዳርኩ። ጥሎሽም አሳማ አግኝቻለሁ" አለ ራዲም።

"ኖቫክ ምን አጎደለብህ?"

"ምንም። እናንተ አላችሁለት አይደል? እኔ ብቀነስበት አይታወቀውም።"

በዚህ ዓይነት መልስ ሲሰጥ ሲሰጥ ቀልዱ ሰለቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ከእነሱው መካከል አንዱ፣ ሚስቱ ብርቅ ስም ያላት፣ ለብቻው ጠርቶ አባቱን እንዴት እንዳሳመነ ጠየቀው። ራዲም ወደ አጎቴ አሎይስ ላከው።

በሁለተኛው ዓመት ልጅ ተወለደች፤ አፖሌና አሏት። አጎቴ አሎይስ የምሥራቹን ይዘው ቢራ ቤቴ ሲገቡ ፊታቸውን አጠናሁት።

"ሴት ናት" አሉኝ።

"ቅር አለዎት አጎቴ?"

"ለምን ይለኛል? የእኛ ስም እንደ ኖቫኮቫ ለሴት አይረዝም፤ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። ደግሞ አባቷ መንገዱን አሳይቷል። የእሷም ባል አእምሮ ይኖረው ይሆናል።" ብለው ለቤቱ ሁሉ ቢራ አዘዙ፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም።

ከአፖሌና በኋላ ወንድ ልጅ መጣ። አቶ ሩዶልፍ ራዲምና ሚላዳ ወደሚኖሩበት ዛሌሲ በየእሑዱ በአውቶቡስ ሲመላለሱ ጉልበታቸው ደከመና፣ ዘንድሮ ፎቁን ለቀው እነ ሚላዳ ጓሮ ካለችው ትንሽ ቤት ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ዕፀዋት ይተክላሉ፤ ስለ ውሃ ማጠጫ ሰዓት ይጣላሉ። አቶ ሩዶልፍ የልጅ ልጆቻቸውን ሙሉ ስም ሳያሰናክላቸው ይጠሩታል፤ ጥርሳቸውም አልወጣም።

ባለፈው እሑድ ራዲም የቢራ መቅጃዬ ተበላሽቶ ሊሠራልኝ መጥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹም ተከትለውት መጡ። ሚላዳ በጸደይ ሦስተኛ ልትወልድ ነው። አጎቴ አሎይስ ወንድ ከሆነ ሜቶዴይ ይባል ይላሉ፤ አቶ ሩዶልፍ ደግሞ ሜቶዴይ የሚባል አለቃ ሕይወቴን አማርሮብኛል፣ በምንም አይሆንም ይላሉ። ሚላዳ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ "ብትጮኹም ባትጮኹም የማወጣው እኔ ነኝ" ትላቸዋለች። ራዲም ከመቅጃው ሥር ሆኖ የሆነ ስም ተናገረ፤ ቱቦውን ሊያጥብ የከፈተው ውሃ እየፈሰሰ ስለነበር አንዳችንም አልሰማነውም።